ብርቅ የብሪታኒያ የቤተሰብ ስም ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ለማወቅ

ስሚዝ የሚባሉትን ሁሉ ቆጥሮ መነሻቸውን ማግኘት አይቻልም፤ ስሚዝ በእንግሊዝኛ አንጥረኛ ማለት ስለሆነ፣ አንጥረኛ የነበረበት መንደር ሁሉ የራሱን ስሚዝ አፍርቷልና። በመላው ብሪታኒያ ሁለትና ሦስት መቶ ሰው ብቻ የሚጠራበት ስም ግን ሌላ ነው። ተጠሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥርም ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ካውንቲ (የብሪታኒያ የአስተዳደር ክፍል)፣ ከዚያ ወደ ጥቂት አጎራባች አጥቢያዎች፣ አንዳንዴም ወደ አንድ እርሻ ይሰበሰባሉ። መርጋትሮይድን እንውሰድ። «ሮይድ» በምዕራብ ዮርክሻየር አነጋገር ከደን የተመነጠረ መሬት ማለት ነው። አክሮይድ፣ ሆልሮይድና ቡዝሮይድም የዚያው አካባቢ ስሞች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስም የያዘ ቤተሰብ ዛሬ የትም ይኑር የት፣ ፍለጋው በሃሊፋክስ ዙሪያ ወዳሉት ኮረብታዎች የመመለሱ ዕድል ትልቅ ነው።

ሥራው ከቅርብ ዘመን ወደ ሩቅ ዘመን ይሄዳል። ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን በሌላ ነገር ነው፤ የስሙን ሥርጭት በሚያሳየው ካርታ ላይ ባዶ የሆነውን ቦታ ስሙ ያልነበረበት ቦታ አድርገው ያነብቡታል። ባዶው ብዙ ጊዜ የተቃጠለ፣ የጠፋ ወይም ገና ያልተገለበጠ መዝገብ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በአብዛኛው ይህን ስሕተት ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የአጻጻፍ ዓይነቶቹን ይሰብስቡ

እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ብዙው ሰው ስሙን ራሱ አይጽፍም ነበር፤ የሚጽፍለት ቄሱ ወይም ጸሐፊው ነው፣ እንደ ሰማው። ስለዚህ አንድ ስም በአንድ መዝገብ ውስጥ፣ በአንድ አባት ልጆች ላይ እንኳ፣ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። በሃርትፎርድሻየርና በባኪንግሃምሻየር አካባቢ የሚታወቀው ፓዲፋት ጥሩ ማሳያ ነው። የመጨረሻው ክፍል «ፋት» በጥንቱ አነጋገር በርሜል ማለት ነበር። ትርጉሙ ሲረሳ ጸሐፊዎች የሚያውቁትን ቃል ተኩበት፤ «ፉት» ማለትም እግር አደረጉት፣ ፓዲፉትም ተወለደ። ፓዲፋትን ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ቤተሰብ ሳያይ ይቀራል።

ሦስት ዓይነት ልዩነት ይጠብቁ። የመጀመሪያው ከጆሮ የሚመጣ ነው፦ በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች በቃል መጀመሪያ ላይ ያለው የ«ኤች» ድምፅ ስለሚዋጥ ሆልሮይድ ኦልሮይድ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው አሁን እንዳየነው ሰው የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው መለወጡ ነው። ሦስተኛው የዘመናችን ስሕተት ነው፤ አሮጌውን እጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው ፊደል ያምታታል። ትልቁ «ኤል» ከ«ኤስ»፣ «ቲ» ከ«ኤፍ»፣ «ዩ» ከ«ኤን» ጋር በየጊዜው ይቀያየራሉ። ረጅሙ የድሮ «ኤስ» «ኤፍ» ይመስላል። በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ትናንሽ «ኤፍ» ተደርድረው ሲገኙ ደግሞ አንድ ትልቅ «ኤፍ» ማለት ናቸው እንጂ የተለየ ስም አይደሉም።

በፍለጋ ገጾች ላይ ማንኛውንም ፊደል የሚተካውን የኮከብ ምልክት (*) በአናባቢዎቹ ቦታ ያስገቡ። የመጀመሪያው ፊደል ከተሳሳተ ግን ኮከቡ ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ያን ጊዜ የቤተሰብ ስሙን ጨርሶ ይተዉና በግል ስም፣ በዕድሜና በትውልድ ቦታ ይፈልጉ። ሁለት አጻጻፎችን አንድ ለማድረግ መመሳሰላቸው አይበቃም። ያው ባልና ሚስት በዚያው አጥቢያ አንዱን ልጅ በዚህ፣ ሌላውን በዚያ አጻጻፍ ሲያስጠምቁ ካገኙ ማስረጃ አለዎት ማለት ነው። ያለዚያ ለየብቻ ይቁጠሯቸው፤ በኋላ ማዋሐድ ቀላል ነው፣ አንዴ የተዋሐደውን መለየት ግን ሥራውን ሁሉ እንደገና ያስጀምራል።

ለዚህም ሲባል በኤክሴል ሰንጠረዥዎ ላይ ለስሙ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ አንዱ በመዝገቡ እንደተጻፈ፣ ሌላው እርስዎ የመደቡበት ዋና አጻጻፍ። ቀን፣ የድርጊቱ ዓይነት፣ የግል ስም፣ አጥቢያ፣ የምዝገባ ወረዳ፣ ካውንቲና የመዝገቡ ገጽ ይከተላሉ። የመጀመሪያውን ዓምድ በፍጹም «አያርሙት»።

የ1881ን ቆጠራ ምሰሶ ያድርጉት

ብሪታኒያ ከ1841 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ የተደረጉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም የያዙ የቆጠራ ቅጾች አሏት። ቅጾቹ ለ100 ዓመት ተዘግተው ስለሚቆዩ የ1921ዱ የተከፈተው በ2022 ነው። የ1931 የእንግሊዝና የዌልስ ቅጾች በ1942 በእሳት ወድመዋል፤ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ ከ1921 ቀጥሎ የሚገኘው አገር አቀፍ ዝርዝር በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 የተደረገው ምዝገባ ነው። ይህ መዝገብ በኋላ ለጤና አገልግሎት ስላገለገለ፣ ያገቡ ሴቶች አዲሱ ስማቸው በአሮጌው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ መረጃ ነው።

ከሁሉም የሚመረጠው በኤፕሪል 3 ቀን 1881 የተደረገው ቆጠራ ነው። በጎ ፈቃደኞች ከዳር እስከ ዳር ገልብጠውታል፣ በፋሚሊሰርች ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ስኮትላንድንም ይጨምራል። የስምዎን ተጠሪዎች በሙሉ አውጥተው በካውንቲ ይደርድሩ፤ ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ሒሳብ ይሂዱ፣ ምክንያቱም ጥሬው ቁጥር ያታልላል።

ለምሳሌ ስሙ በላንክሻየር 120፣ በሩትላንድ 12 ሰው ላይ ተገኘ እንበል። ላይ ላዩን ላንክሻየር አሸነፈ። ነገር ግን በ1881 ላንክሻየር 3,454,441 ነዋሪ ሲኖራት ሩትላንድ የነበራት 21,434 ብቻ ነው። የተጠሪዎቹን ቁጥር ለነዋሪው አካፍለው በ100,000 ሲያባዙ ለላንክሻየር 3.5፣ ለሩትላንድ 56 ይመጣል። ስሙ በሩትላንድ 16 እጥፍ ይበዛል ማለት ነው። ላንክሻየር ሥራ ፍለጋ የሄዱበት ቦታ፣ ሩትላንድ ግን መነሻው ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። 12 ሰው ማለት የስድስት ልጆች ወላጅ የሆነ አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊና የወንድሙ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ከአምስት ዓመት በፊት የመጡ። ስለዚህ ከሰው ቁጥር ጎን የቤተሰቦችን ቁጥር ለብቻ ይያዙ። ከአራት ቤተሰብ በታች ባለበት ቦታ ላይ የ100,000 ስሌት ምንም አይናገርም። ያገቡ ሴቶችንም ለይተው ይያዙ፤ ስሙን የያዙት በባላቸው ስለሆነ የትውልድ ቦታቸው ስለ ስሙ አይመሰክርም። ለንደን ውስጥ ብቻቸውን የሚገኙ ወጣት ሴቶች ደግሞ በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች ናቸውና የቤተሰብ ቅርንጫፍ አድርገው አይቁጠሯቸው።

ከመኖሪያው ይልቅ የትውልድ ቦታውን ይመኑ

ከብልሃቶቹ ሁሉ የምንወደው ይህ ነው። የ1851 ቆጠራ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበትን አጥቢያና ካውንቲ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት 60 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደው ከ1792 በፊት ነው፤ በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የተዘረጋው የባቡር መስመር የተከፈተው በ1830 ስለሆነ፣ ይህ ሰው ባቡር ሕዝቡን ከመበተኑ ብዙ ቀደም ብሎ የተወለደ ነው። ስለዚህ በ1851 ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ስሙን በትውልድ የያዙ ሰዎችን ብቻ ይምረጡ፤ አሁን የሚኖሩበትን ትተው የተወለዱበትን ካርታ ላይ ያስፍሩ። በአንድ ቀን ሥራ የ18ኛው መቶ ዘመን ሥርጭት በፊትዎ ይቀመጣል። 60ዎቹ ካነሱዎት ወደ 45 ዝቅ ይበሉ።

የ1841 ቆጠራ ለዚህ አይረዳም። የትውልድ ቦታን በሚመለከት የሚጠይቀው በዚያው ካውንቲ፣ አለዚያም በስኮትላንድ፣ በአየርላንድ ወይም በውጭ አገር ተወልደው እንደሆነ ብቻ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ሰዎች ዕድሜም ባብዛኛው ወደ ታች ወደ 5 ብዜት ያጠጋዋል፤ የ39 ዓመቱ ሰው 35 ይሆናል።

የቦታ ስምም እንደ ሰው ስም በጆሮ ይጻፋል። በኖርፎክ ዋይመንድሃም ተብሎ በፊደል የሚነበበውን ከተማ ነዋሪዎቹ ዊንደም ይሉታል፤ በማንቸስተር ያለ ቆጣሪም የሰማውን ዊንደም ይጽፋል። ካርታ ላይ የማይገኝ ቦታ ሲያጋጥምዎ ጮክ ብለው ያንብቡት። የዚያውን ሰው የትውልድ ቦታ በ1861 እና በ1871ም ይመልከቱ፤ ሦስቱ ከተለያዩ ብዙ ጊዜ ትንሿን መንደር የሚጠራው ትክክለኛው ነው፣ ሰው ርቆ ሲኖር የሚጠራው በአቅራቢያው ያለችውን የታወቀች ከተማ ነውና።

የልደትና የሞት ምዝገባ፦ ብዛትን ለመገመት

የመንግሥት ምዝገባ በእንግሊዝና በዌልስ የጀመረው በጁላይ 1 ቀን 1837፣ በስኮትላንድ በጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው። ፍሪቢኤምዲ የተባለው ነፃ ገጽ የእንግሊዝንና የዌልስን የሩብ ዓመት ማውጫ ይዟል። ብርቅ ስም ከሆነ ሁሉንም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ማውረድ የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ቆጠራ በሌለበት ዓመት የተጠሪዎችን ብዛት ለመገመት የ10 ዓመት ልደቶችን ደምረው ለ10 ያካፍሉ፤ ያገኙትን በዚያ ዘመን ባለው የልደት መጠን ያካፍሉ። በ1881 አካባቢ ከ1,000 ሰው በዓመት ወደ 34 ልጅ ይወለድ ነበር። በዓመት በአማካይ 5 ልደት ካለ፣ 5 ሲካፈል ለ0.034 ወደ 147 ሰው ይሰጣል። በ1990ዎቹ መጠኑ ከ1,000 ወደ 13 ወርዷል፤ በዓመት 2 ልደት ወደ 154 ሰው ያመለክታል። በአንድ ዓመት ልደት ብቻ ከገመቱ ግን መንታ ልጆች እንኳ ውጤቱን ያዛቡታል።

ከ1875 በፊት ልጁን ላላስመዘገበ ወላጅ የሚያስፈራ ቅጣት ስላልነበረ በተለይ በትልልቅ ከተሞች ብዙ ልደት ሳይመዘገብ ቀርቷል። ሞት ግን ያለ ወረቀት ለመቅበር ስለሚያስቸግር ይበልጥ የተሟላ ነው። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ካዩ ለዚያ ዘመን ሞቱን ይመኑ።

የምዝገባ ወረዳ አጥቢያ አይደለም። ብዙ አጥቢያዎችን ይጠቀልላል፣ የካውንቲ ድንበርንም ይሻገራል። የ1974ቱ የአስተዳደር ለውጥ ደግሞ ሩትላንድንና ሃንቲንግደንሻየርን በሌሎች ካውንቲዎች ውስጥ ከትቷል፣ ታላቋ ማንቸስተርን የመሰሉ አዳዲሶችን ፈጥሯል፤ ሚድልሴክስ ቀድሞ በ1965 ጠፍቷል። የ1881ንና የ2000ዎቹን ቁጥር ለማነጻጸር ከፈለጉ ሁሉንም ወደ አንድ ዘመን ድንበር ይመልሱ። ይህን ያላደረገ ሰው ቤታቸውን ያልለቀቁ ሰዎችን ተሰደዱ ይላል።

ከ1837 በፊት

የአጥቢያ መዝገቦች በ1538 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛው ሹም በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ ተጀምረዋል፤ በተግባር ግን ብዙዎቹ የሚነሡት ከ1558 ወይም ከ1600 ወዲህ ነው። ከ1642 እስከ 1660 ባለው የጦርነትና የሪፐብሊክ ዘመን ክፍተት ይጠብቁ። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዓመቱ የሚለወጠው በማርች 25 ስለነበር በመዝገቡ «ፌብሩዋሪ 1700» የሚለው በዛሬው አቆጣጠር 1701 ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ልጁን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ያስወልደዋል።

የጥምቀት መዝገብ በየአጥቢያው የተዘበራረቀ ስለሆነ፣ ለሥርጭት የሚሻለው አገር አቀፍ የግብር ዝርዝር ነው። ከሁሉም የሚመቸው ከ1662 እስከ 1689 የተሰበሰበው የምድጃ ግብር ነው። እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ምድጃ በዓመት 2 ሺሊንግ በሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር፤ ዝርዝሮቹ በብዛት የተረፉት ከ1662 እስከ 1666 እና ከ1669 እስከ 1674 ካሉት ዓመታት ነው፣ በቀሩት ዓመታት ግብሩን ተጫርተው የያዙ ሰብሳቢዎች ዝርዝሩን ወደ ግምጃ ቤት አይልኩም ነበርና። እያንዳንዱ ስም አንድ ቤት ስለሆነ የሰውን ቁጥር ለመገመት ከ4 እስከ 5 ያባዙ። ከግብሩ ነፃ የተደረጉ ድሆች የተጻፉበት ቦታና ያልተጻፉበት ቦታ ስላለ ይህን አስቀድመው ያጣሩ።

ከዚያ ወደ ኋላ የ1524 እና የ1525 ግብር በዓመት 1 ፓውንድ ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ ጭምር ይይዛል። ከ1377 እስከ 1381 የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር ደግሞ የብዙ ስሞች የመጀመሪያ መታያ ነው። የ1379ኙ ዝርዝር በምዕራብ ዮርክሻየር በጣም ሀብታም ነው፤ የ«ሮይድ» ስሞችን የሚፈልግ ሰው ሳያየው አይለፍ። የ1377ቱ ግን በብዙ ቦታ የሰው ቁጥር እንጂ ስም አልያዘም።

ዌልስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚያ ልጅ የአባቱን የግል ስም የሚያስከትልበት ልማድ በብዙ ቦታ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን፣ በሼትላንድ ደሴቶችም እስከ 19ኛው ዘልቋል። በእነዚህ ቦታዎች የቤተሰብ ስምን ወደ ኋላ መከተል ቶሎ ይቆማል፤ የቆመው ቤተሰቡ ከሌላ ቦታ ስለመጣ ሳይሆን ስሙ ገና ስላልነበረ ነው። በስኮትላንድ ደግሞ ያገባች ሴት በመዝገብ የራሷን የቤተሰብ ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ በሞት ማውጫ በሁለቱም ስም ስለምትገኝ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጠር ይጠንቀቁ።

ባዶውን መፈተን

ካርታው ላይ ባዶ የሆነ ካውንቲ ሲያዩ፣ በዚያው የመረጃ ምንጭ ውስጥ ስሚዝ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ይፈልጉ። ስሚዝ በየቦታው መኖር ያለበት ስም ስለሆነ የመዝገቡን ጤንነት ይለካል። ስሚዝም ከጎረቤት ካውንቲ በአሥር እጥፍ ካነሰ ጉድለቱ የመዝገቡ ነው። የዴቨን ኑዛዜዎች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ናቸው፤ በሜይ 1942 ኤክሰተር በቦምብ ስትመታ በከተማዋ የነበሩት ተቃጥለዋል። በኑዛዜ ብቻ የተሠራ ካርታ ዴቨንን ባዶ ቢያሳይ አይገርምም። ከተቻለ ደረቁን ቁጥር ትተው በየካውንቲው ለ1,000 ስሚዝ ስንት የእርስዎ ስም እንደሚደርስ ያስሉ፤ የመዝገቡ ጉድለት ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ከስሌቱ ይወጣል።

ለምን እንደተበተኑ

ከመነሻው ውጭ የሚገኝ ጉብታ ሲያዩ ምክንያቱን በሙያ ዓምድ ይፈልጉ። የኮርንዋል የመዳብ ማዕድን በ1866 ሲወድቅ በ«ትሬ»፣ በ«ፖል»ና በ«ፔን» የሚጀምሩ ስሞች የያዙ ማዕድን ቆፋሪዎች ወደ ካምበርላንድ የብረት ማዕድንና ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ሄደዋል። የመርከብ ሠሪዎች በኬንት ካለችው ከቻታም፣ ከፖርትስመዝና ከፕሊመዝ በ1814 በምዕራብ ዌልስ ወደ ተከፈተው የፔምብሮክ ዶክ የመርከብ ግቢ ተሻግረዋል፤ በምዕራብ ዌልስ የኬንት ስም ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመርከብ ግቢው ነው። በ1835 እና በ1837 መካከል ደግሞ የድሆች ሕግ ኮሚሽን የሰፎክንና የአካባቢውን የእርሻ ሠራተኞች ወደ ላንክሻየር ፋብሪካዎች ልኳል።

ምንም የማይገናኝ ቅርንጫፍ በድንገት ለንደን ውስጥ ከተነሣ ሌላ ነገር ይጠርጥሩ። በ1741 ልጆችን መቀበል የጀመረው የለንደን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ለሕፃናቱ አዲስ ስም ያወጣላቸው ነበር። ከ1685 በኋላ የተሰደዱ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶችም በስፒታልፊልድስና በካንተርበሪ ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ አጣመዋል፤ አንድ ዓይነት የሚመስል ስም ሁለት መነሻ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ነው።

የዛሬው ሥርጭት

የመራጮች መዝገብ ልጆችን አይዝም፤ ከ2002 ወዲህ ለሕዝብ ከሚሸጠው ቅጂ ሰዎች ስማቸውን ማስወጣት ስለሚችሉ በየዓመቱ እየሳሳ ሄዷል። ለድሮውም ቢሆን፣ ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ የገቡበት በ1918፣ ከወንዶች እኩል በ21 የገቡበት በ1928 ነው፤ ከ1918 በፊት ያለው ዝርዝር ለሥርጭት አይመችም። የስልክ ማውጫ በአንድ ቤት አንድ ስም ብቻ ይይዛል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራው የቤተሰብ ስሞች ካርታ የድሮውንና የቅርቡን ዘመን ሥርጭት ስለሚያሳይ መነሻ ይሁንዎ፤ ስምዎ በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ላይገኝ ይችላል። በሕይወት ያሉ ሰዎችን በሚያሳይ ካርታ ላይ ከካውንቲ በታች አይውረዱ፤ ስሙ ብርቅ ሲሆን በመንደር ደረጃ ያረፈ አንድ ነጥብ የአንድ ቤት አድራሻ ነው።

ካርታውን ራሱን ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሥሩት። ለእያንዳንዱ ዘመን አንድ ካርታ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የቀለም ደረጃ ይስጡ፤ ፕሮግራሙ ለየካርታው የራሱን ደረጃ እንዲመርጥ ከተዉት 3ና 300 እኩል ይጠቁራሉ።

የዘር (ዲኤንኤ) ምርመራ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው

የቤተሰብ ስምና የዋይ ክሮሞሶም ሁለቱም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋሉ። ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት፣ 40 የብሪታኒያ ስሞችን በመረመረ ጥናት፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን ተጠሪዎቹ አንድ ዓይነት ክሮሞሶም የመያዛቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቢሆንም ማንን መመርመር እንዳለብዎ የሚነግርዎ ካርታው ነው። በወረቀት ማገናኘት ካቃተዎት ከሁለት የተለያዩ የመነሻ አካባቢዎች አንድ አንድ ወንድ ይምረጡ፤ ከየቅርንጫፉ ሁለተኛ የሩቅ ዘመድ ይጨምሩ፣ በመካከል በጉዲፈቻ ወይም ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ የተቋረጠ መስመር መኖሩ የሚታወቀው ሁለቱ የአንድ ቅርንጫፍ ሰዎች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ከ37 ምልክት (በክሮሞሶሙ ላይ የሚነጻጸር ነጥብ) በታች ያለውን ምርመራ አይግዙ፤ በ12 ምልክት የሚገጥሙ፣ በስምም በዘርም የማይገናኙ ሰዎች በብዛት አሉ።